አርቆ የመምታት መዘዝ

ድንጋጤ ሦስት ዓይነት ነው። መምህር ነኝና ነገር ሳልከፋፍል መጀመር አልችልም፤ ታገሡኝ። አንደኛው የሚያዘልል ድንጋጤ ነው፤ እግርዎ ሥር እባብ ሲያዩ የሚመጣው። ሁለተኛው የሚያስቀምጥ ነው፤ የፈተና ውጤት ሲለጠፍ ተማሪዎቼ ላይ የማየው። ሦስተኛው ግን አያዘልልም፣ አያስቀምጥም። ዱላዎን እንደያዙ፣ አንገትዎን እንደደፉ፣ አንድ እግርዎን እንዳነሱ አድርቆ ያስቀርዎታል። ይህን ሦስተኛውን እስካለፈው ጥቅምት ድረስ በሩቁም አላውቀውም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት አሮጊት ነው።

የአክስቴ ልጅ ሲሳይ ላሊበላ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ይቀበላል። እኔ ደግሞ ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ባለች አንዲት ቀበሌ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ልጠይቀው ሄድኩ። ከሆቴሉ ጀርባ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ፈረንጅ ሴት ቆመዋል። ነፋስ ቢመጣ ሻሻቸውን ትቶ እሳቸውን የሚወስድ ዓይነት ቀጭን ናቸው። መሬት ላይ ትንሽ እንጨት ሰኩ፣ በላዩ ላይ ነጭ ኳስ አስቀመጡ፣ ራሱ እንደ ጡጫ ያበጠ ረጅም ዱላ አነሱና እንደ ቀልድ ወዘወዙት። ኳሷ ገደሉን ተሻገረች፣ ባሕር ዛፉን አለፈች፤ በበኩሌ እስካሁንም የወደቀች አይመስለኝም።

«ጎልፍ ይባላል» አለኝ ሲሳይ። «ሞክር ብለውሃል።»

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ገና ስጫወት ያደግሁ ነኝ። ክንዴን ያየ እህል ጫኝ ይለኛል እንጂ መምህር አይለኝም። ዱላውን ተቀበልኩና ባለ በሌለ ኃይሌ ሰነዘርኩ። መጀመሪያ አየር መታሁ። ቀጥሎ መሬት መታሁ። በሦስተኛው ኳሷን አገኘኋትና ስድስት እርምጃ ሄደች፤ ከስድስቱ ሁለቱ ቁልቁለት ስለሆነ እንጂ አራት ነበር። ሴትዮዋ አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?» አልኩ።

«ጡንቻህን ተወው ነው የሚሉህ።»

አገራቸው ሲመለሱ ያንኑ ዱላና አንድ ከረጢት ኳስ ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ። ሲሳይ ወደውህ ነው ይላል። እኔ አዝነውልኝ ነው እላለሁ።

አሁን ትንሽ ላስረዳ። ላስታ ደጋ ነው፤ አየራችን ስስ ነው። አየር ሲሳሳ ኳስን የሚይዝ ነገር ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ምት ባሕር ዳርቻ ካለ ሰው ይልቅ ለእኛ ርቆ ሊሄድልን ይገባል። ይህን ለተማሪዎቼ ሳስተምር በኩራት ነበር። ለራሴ ሳስበው ግን አሳፈረኝ፤ አየሩ እያገዘኝ ስድስት እርምጃ ከሆነ፣ ባያግዘኝ ኳሷ ወደ ኋላዬ ልትሄድ ነበር ማለት ነው።

ከላሊበላ ስመለስ ስልኬ ላይ የጎልፍ አስተማሪዎችን ቪዲዮ ጭኜ መጣሁ። ደብተር ገዛሁ፣ አሰመርኩ፣ ምክሮቹን በተራ ቁጥር ጻፍኩ። እግርህን ከፈት አድርግ። ኳሷን በግራ ተረከዝህ ትይዩ አስቀምጥ። ማስቀመጫዋን ከፍ አድርግና ዱላው ወደ ላይ ሲወጣ ያግኛት። ጀርባህ ወደ ዒላማው እስኪዞር ተጠምዘዝ። ዱላውን እንደ ጫጩት ያዘው፤ አትልቀቀው፣ አትጨፍልቀው። ከሁሉም በላይ፣ መትተህ እንኳ ቀና አትበል፤ ሰው ኳሱን የሚያበላሸው የት ደረሰች ብሎ ለማየት ሲቸኩል ነው።

ስድስቱን ባንድ ጊዜ ፈጸምኳቸው። የተፈጠረውን የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ሲተርከው ብትሰሙት ይሻላል፤ እኔ አንድ ጫማዬን ከጎል ቋሚው ማዶ እንዳገኘሁት ብቻ ነው የማስታውሰው።

የትምህርት ቤቱ ሜዳ አጥር የለውም። በጎን የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ይመክራል።

«መምህር፣ ገና ገና ነው! ገና ሦስት ወር ይቀረዋል!»

«ኧረ በእግርህ ምታት፣ የተሻለ ትሄድልሃለች!»

«ዝም በሉት፤ እየቆፈረ ነው፤ ድንች ሊተክል ነው።»

መስከረም አልቆ ትምህርት ከተጀመረ በኋላም በየቅዳሜው አልተውኩም። በራሴ እግር ቆጥሬ ያገኘሁት ትልቁ ርቀት ዘጠና እርምጃ ነበር። ቀበሌው በሙሉ ያውቀዋል። መምህሩ ከዘጠና አያልፍም ማለት ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንደማለት ሆኖ ነበር።

ከሜዳው በታች የገብስ ማሳ አለ፤ ማሳው መሀል ማማ፣ ማማው ላይ አያ ሞላ። አያ ሞላ ስድሳን የዘለሉ፣ ዝንጀሮና ወፍ የሚጠብቁ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ወንጭፋቸው ሲጮህ ማዶ ያለ ሰው ራሱን ይሸፍን ነበር ይባላል። ገብሱ ውስጥ የሚጠፉብኝን ኳሶች እየለቀሙ አንዳንዴ ይመልሱልኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ በወንጭፍ ዝንጀሮ ላይ ይሰዷቸዋል። «ከድንጋይ ትሻላለች» ይሉኛል፤ «አትዋዥቅም።»

አንድ ቀን ከማማቸው ወርደው አጠገቤ መጡ። ሦስት ጊዜ ስመታ ቆመው አዩኝ። በመጨረሻ ፊታቸው በጥርስ ሕመም እንደተያዘ ሰው ተጨማደደ።

«መምህር፣ ከማን ጋር ነው የምትጣላው?»

«ኳሷን ለማራቅ ነው፣ አያ ሞላ።»

«በምንህ ነው የምትመታት?»

«በእጄ ነዋ!»

«እሱ ነው እንግዲህ። ወንጭፍ በእጅ ይወረወራል እንዴ? እጅ መልእክተኛ ነው፤ ላኪው ወገብ ነው። ላኪው ሳይነሳ መልእክተኛው ቢሮጥ ምን ይዞ ይደርሳል?»

ወንጭፋቸውን አውጥተው አሳዩኝ። ወገባቸው ቀድሞ ዞረ፣ ትከሻቸው ተከተለ፣ እጃቸው መጨረሻ መጣ። ስልኬ ውስጥ ያለው አስተማሪ በአንድ ሰዓት ሊያስረዳኝ ያልቻለውን በአንድ ዙር ጨረሱት።

በማግሥቱ ሳይሆን በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው ጉዱ። ሰው ሁሉ ላሊበላ ገበያ ወርዷል። ሜዳው ላይ እኔ፣ ማማው ላይ አያ ሞላ ብቻ ነን። ኳሷን አስቀመጥኩ። እጄን ረሳሁት። ወገቤን ላክሁ። እውነቴን ነው፣ የመታሁ እንኳ አልመሰለኝም፤ ቅቤ ውስጥ ቢላ እንደገባ ያለ ስሜት ብቻ። ደስ አለኝ፤ ግን ሥርዓት አክባሪ ነኝ፤ አስተማሪው ቀና አትበል ብሏል። አንገቴን ደፍቼ ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት...

ቋ!

ከሸለቆው ማዶ ነው። ከዚያ ቆርቆሮ ላይ የሚንከባለል ነገር፤ ቋ፣ ቋ፣ ከርርር። ከዚያ ዝምታ።

ቀስ ብዬ ቀና አልኩ። ኳሷን የላክኋት ወደ ጋራው ነበር፤ እሷ ግን መንገድ ላይ ሐሳቧን ቀይራ ወደ ቀኝ ታጥፋ ኖሯል። ማዶ ያለው የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነው። በጉልላቱ ላይ ሰባት የሰጎን እንቁላሎች ነበሩ። ቆጠርኩ። ስድስት። እንደገና ቆጠርኩ። ፊዚክስ አስተማሪ ስድስትና ሰባት አይጠፋበትም፤ ስድስት።

ለማያውቅ ላስረዳ። ሰጎን እንቁላሏን ስትጠብቅ ዓይኗን አትነቅልም ይባላል፤ እግዚአብሔርም ዓይኑን ከእኛ አይነቅልም ለማለት ነው ጉልላት ላይ የሚሰቀለው። ያችን እንቁላል ማን እንዳመጣት፣ ከየት ቆላ እንደመጣች የሚያስታውስ ሰው በሕይወት የለም። እኔ በአንድ ምት አወረድኳት።

ሦስተኛው ድንጋጤ ይሄ ነው። እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር ደግሞ፣ በዚያ ድንጋጤ መሀል መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው «አባት ሆይ ይቅር በለኝ» አልነበረም። ባለፈው ዓመት ከተማሪዎቼ ጋር ከሜዳው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን ርቀት በሦስት ማዕዘን ለክተን ነበርና፣ በልቤ የጮኸው «ሁለት መቶ አርባ እርምጃ!» የሚል ነው። ይቅር በለኝ ሁለተኛ ወጣ።

በነጋታው ከቅዳሴ በኋላ ልናዘዝ ወሰንኩ። ለሕዝብ የሚነገር ነገር ሥርዓት ስለሚያሻው በመግቢያ፣ በሐተታና በመደምደሚያ አዘጋጀሁት። «እኔ ነኝ» የሚለው መደምደሚያው ላይ ነው። ስሕተቴ እዚህ ጋ ነበር።

ቅዳሴው ሲያልቅ ቄሰ ገበዙ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ የሆኑት ሽማግሌ፣ ነጭ ጨርቅ ዘረጉ። በላዩ ላይ የእንቁላሉ ስባሪ፤ ከስባሪው መሀል የእኔ ኳስ።

«አውጫጭኝ ነው» አሉ። «ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ያጠፋው ሰው ቆላ ወርዶ እንቁላሏን እስኪተካ ድረስ የሚካኤልን ጽዋ አይቀምስም፣ አያቀምስም።»

ከሴቶች በኩል አንድ ሰው «ውይ!» አለ። ሁሉም ወደ አያ ሞላ ተመለከተ፤ ለጥርጣሬ ሳይሆን ለሌላ ነገር ነው። ኅዳር ሚካኤል ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው፤ የዘንድሮው ጽዋ ተራ የአያ ሞላ ነው። ማኅበርተኛውን ቤታቸው ጠርተው ለማብላት ለዓመታት ተራ ጠብቀዋል። ብቅሉ በቅሏል፣ ጌሾው ተወቅጧል። ይህ ቅጣት ማንንም ቢነካ እሳቸውን ባይነካ ነው የሚሻለው።

«መምህር፣ አንተ ብዕር አለህ፤ ቁጭ በልና ጻፍ» አሉኝ ቄሰ ገበዙ።

እጄን አወጣሁ። «አባቴ፣ ኳሷ የእኔ ናት።»

«እሱንማ ሁሉም ያውቃል። ጥያቄው እዚህ ያደረሳት ማነው ነው።»

ተነሣሁ። መግቢያ፤ የሚወረወር ነገር ሁሉ ቅስት ሠርቶ እንደሚሄድ መሬት ላይ በስንጥር ሣልኩ። ሰው ከበበኝ። ሲከቡኝ ደግሞ ይብስብኛል። ሐተታ፤ ስባሪው የወደቀው በምዕራብ በኩል ስለሆነ ኳሷ የመጣችው ከምሥራቅ፣ ከትምህርት ቤቱና ከገብሱ አቅጣጫ ነው። ርቀቱ ሁለት መቶ አርባ እርምጃ ነው። ይህን ያህል በባዶ እጁ የሚወረውር ፍጡር የለም። «ስለዚህ...» አልኩና ወደ መደምደሚያው ልገባ ትንፋሼን ሳብኩ።

«ወንጭፍ!» አለ አንዱ።

ሕዝቡ እንደ አንድ ሰው ወደ አያ ሞላ ዞረ።

«ቆዩ! መደምደሚያው አልደረሰም!» አልኩ። ማን ይስማኝ።

አያ ሞላ ብድግ አሉ። «በሚካኤል! እኔ አይደለሁም! ትናንት ከቀትር እስከ ሠርክ ማማው ላይ ተኝቼ ነበር!»

ለሰብል ጠባቂ ይሄ ራሱ ሌላ ኑዛዜ ነው። ባለ ገብሱ ሲያጉረመርም የአያ ሞላ ባለቤት እትዬ ዘውዴ ባላቸውን ለማዳን ተነሡ።

«እናንተዬ፣ ምን ነካችሁ? ይሄ ሰውዬ ነው ይህን ያህል የሚወረውር? ትናንትና የእንስራ ክዳን ማንሳት አቅቶት ጎረቤት አልጠራሁም?»

«እውነቷን ነው» አሉ አንድ እኩያቸው፣ ከልብ በመነጨ ደግነት። «ሞላማ ድሮ ቀረ። ዝንጀሮው እንኳ ሲያየው አይሸሽም፤ እግዜር ይስጥልኝ ብሎት ነው የሚበላ።»

«ክንዱ አልቋል» አለ ሌላው።

«ዓይኑም አልቋል» ተባለ ከኋላ። «ተዉት፣ ምስኪን ነው።»

የአያ ሞላን ፊት እያየሁ ነበር። ሲከሰሱ ነጥተው ነበር፤ ሲከላከሉላቸው ቀሉ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ጣሉ።

«ማነው ምስኪን? ማነው ያለቀው?» አሉ። «ጻፍ መምህር! እኔ ነኝ! በአንድ ውርወራ! ያውም ተቀምጬ!»

«ሞላ!» ብለው ጮኹ እትዬ ዘውዴ። «ብቅሉስ?!»

«ብቅሉ ገደል ይግባ!»

እስክሪብቶዬ ከእጄ ወደቀ። የማላውቀውን አራተኛ ድንጋጤ ያየሁት ያኔ ነው፤ ጥፋትዎን ሲሰርቁብዎ የሚመጣ። «እኔ ነኝ! በዱላው! ሁለት መቶ አርባ እርምጃ!» ብዬ ጮኽኩ። ግማሹ ኅሊናዬ ነው፤ ሰውዬው ለዓመታት የጠበቁት ጽዋ በእኔ ጥፋት ሊቀርባቸው ነው። ሌላው ግማሽ ምን እንደሆነ ገምታችኋል።

ደጀ ሰላሙ በሳቅ ተናወጠ። «ዘጠና!» አለ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ፣ እንባውን እየጠረገ። አንዲት እናት መጥተው ትከሻዬን ሳሙኝ። «ደግ ልጅ! ሽማግሌ ለማዳን በራሱ ላይ ይመሰክራል። እናትህን ይባርክ።» ጥፋቴን ስናዘዝ ተመረቅሁ።

ቄሰ ገበዙ ግን አልሳቁም። «ከቀሰስኩ ወዲህ ሰው ጥፋቱን ሲሸሽ እንጂ ሁለት ሰው ጥፋት ሲሻማ አይቼ አላውቅም» አሉ። «ሁለታችሁም ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ። ፊታችሁን ከቤተ ክርስቲያኑ አዙሩ። ጋራው ሥር ያለችው ብቸኛ ወይራ ስንት ትርቃለች?»

«ሁለት መቶ አርባ ሁለት» አልኩ፤ እሷንም ለክቻት ነበር።

«ሦስት ሦስት ጊዜ ትሞክራላችሁ። ወይራዋ የደረሰ እሱ ጥፋተኛ ነው። ሁለታችሁም ካልደረሳችሁ ሁለታችሁም በሚካኤል ደጅ ዋሽታችኋልና ቅጣቱ የሁለታችሁም ነው።»

በዓለም ላይ ያሸነፈ የሚቀጣበት ውድድር ሌላ ቦታ ካለ ንገሩኝ። ሕዝቡ ግን ይህን ወዲያው ረሳው። ሜዳው ዳር ዳሩን ሞላ። ወጣቱ ለሁለት ተከፍሎ ይጨፍር ጀመር።

አያ ሞላ ኳስ በወንጭፋቸው አኖሩ። አንዴ፣ ሁለቴ አሽከረከሩና ለቀቁ። ኳሷ እያፏጨች ሄደች፤ ቆጣሪው መቶ ሃምሳ አለ። ሰው አጨበጨበ። በሁለተኛው መቶ ሰባ። በሦስተኛው ሲለቁት ወገባቸው ሲንቋቋ እኔ ድረስ ተሰማኝ፤ መቶ ሰማንያ። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ማንንም አላዩም።

ተራዬ ደረሰ። በመጀመሪያው አየር መታሁ። በሁለተኛው ኳሷ በጎን ተፈናጥራ የተማሪዎች ሽንት ቤት ቆርቆሮ ላይ አረፈች።

«ይህን በየት በኩል ልቁጠረው?» አለ ቆጣሪው።

ሜዳው በሳቅ ተንከባለለ። እኔ ግን እትዬ ዘውዴን አየኋቸው፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አይስቁም። አንድ ምት ቀርቶኛል። ካልደረሰ የእኔም የባላቸውም ጽዋ ቀረ። ዱላውን እንደ ጫጩት ያዝ የተባልኩትን እጄ ፈርቶ እንደ መጥረቢያ አንቆታል።

«መምህር!» አሉ አያ ሞላ። ተነሥተው በቁጣ መጡ። «እጅህን እርሳው ብዬህ አልነበር?» ወገቤን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ እንደ ማሰሮ አዞሩኝ፣ መለሱኝ። «እዚህ ነው። እዚህ! ይሄ ሲነሳ ሌላው ይከተላል።»

«ሞላ» አሉ ቄሰ ገበዙ ቀስ ብለው፣ «እሱ ከደረሰ አንተ አላደረስክም ማለት እኮ ነው።»

አያ ሞላ ወገቤን አልለቀቁም። «አውቃለሁ አባቴ። ግን እንዲህ እየመታ ቆሜ ማየት አልችልም።»

እጄን ረሳሁት። ላኪውን ላክሁ።

ቀና አላልኩም። አንገቴን ደፍቼ ስቆጥር ሜዳው ፀጥ አለ፤ ሦስት፣ አራት፣ አምስት... ከዚያ እልልታው ፈነዳ። ኳሷ ወይራዋን በላይዋ አልፋ ጋራው ላይ ነጥራለች። ወጣቶቹ ከመሬት አንሥተው ትከሻቸው ላይ አወጡኝ፤ «ጀግና! ጀግና!» እየተባለ ሁለት ጊዜ ሜዳውን ዞርኩ። በሦስተኛው ዙር መሀል እልልታው እንደ ክር ተበጠሰ። ሁሉም አንድ ላይ ትዝ አለው።

የተሸከመኝ ጎረምሳ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ቄሰ ገበዙ ዞረ። «አባ፣ ላውርደው ወይስ...?»

«አታውርደው» አሉ። «እንደያዝከው ወደ ደጀ ሰላሙ አምጣው።»

በትከሻ ተጭኜ ወደ ፍርድ ሄድኩ። ፍርዱ አጭር ነበር፤ እንቁላሏን እስክተካ ጽዋ አልቀምስም። መደምደሚያ እንዳለኝ ብናገርም አያስፈልግም ተባልኩ። እትዬ ዘውዴ ወደ ብቅላቸው ሮጡ።

ሰው ሲበተን አያ ሞላን ከደጀ ሰላሙ አጥር ሥር ለብቻቸው ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እንኳን ደስ ያለዎ አያ ሞላ። ጽዋው አልቀረብዎም።»

«ጽዋማ ተራ ከጠበቁለት ለማንም ይደርሳል» አሉ።

እሳቸው ወንጭፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያሹታል፤ ዓይናቸው ወደ ላይ፣ ጉልላቱ ላይ ነው። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ዳዊት የሚደግሙ መስሎኝ ነበር።

«መምህር» አሉኝ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስድስት ቀርተዋል አይደል?»

ዘልዬ ክንዳቸውን ያዝኩ።